ሽጉጥና ሕግ
የዋይልድ ቢል ሂኮክ ሕይወት ከእርስ በርስ ጦርነት በኋላ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በታሪክ ክበብ ተማሪዎች የተነገረ)



 የመረጥነው ርእስ ከአገራችን የራቀ፣ ዘመኑም ከመቶ ዐምሳ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ያለፈው ነው። ሆኖም ከመካከላችን ነገሩን በፊልም ያላየ ይኖራል ብለን አናስብም። ሰፊ ባርኔጣ የደፋና ሁለት ሽጉጥ የታጠቀ አንድ ሹም ብቻውን በአቧራማ ጎዳና መካከል ይቆማል። ባላጋራው ከወዲያ ማዶ ይመጣል። ሁለቱም ይተኩሳሉ፤ ክፉው ሰው ይወድቃል፤ ከተማይቱም ሰላም ታገኛለች። ተመልካቹም እያጨበጨበ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እኛ ዛሬ የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። ወደዚያ አገር ሕግን ያስገባው በእውነት ሽጉጡ ነውን? ለዚህ መልስ ለማግኘት በፊልም ሳይሆን በሕይወት የነበረ አንድ ሰው መርጠናል። ስሙ ጄምስ በትለር ሂኮክ ነው። ዓለም የሚያውቀው ግን ዋይልድ ቢል፣ ማለትም «ያልተገራው ቢል» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሂኮክ በ1837 በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ወላጆቹ ባርነትን የሚጠሉ ሰዎች ነበሩ። ከደቡብ አምልጠው ወደ ሰሜን የሚሸሹትን ባሮች በቤታቸው ይሸሽጉ እንደ ነበር ይነገራል። በ1861 የሰሜንና የደቡብ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ልጃቸው ከሰሜኑ ወገን ተሰለፈ። በመጀመሪያ በጭነት ጋሪዎች ላይ፣ ኋላም በመንገድ መሪነትና በሰላይነት በሚዙሪ ግዛት አገለገለ። እንግዲህ ከመነሻው ክፉ ሰው ነበር ብለን ልንፈርድበት አንችልም። ድፍረትም አልጎደለውም፤ የቆመለትም ወገን ባርነትን ያስወገደው ወገን ነው።

ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ ከ600 ሺህ በላይ ወታደሮች አልቀዋል። ነገር ግን የእርስ በርስ ጦርነት ጦር ባስረከቡበት ቀን ጨርሶ አያልቅም። በአራት ዓመት ውስጥ ከመተኮስ በቀር ሌላ ሙያ ሳይማሩ ያደጉ ብዙ ጎልማሶች ነበሩ። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ሽጉጣቸው ከወገባቸው አልተፈታም፤ ቂማቸውም ከልባቸው አልወጣም። የሂኮክ ሁለተኛ ሕይወት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ጦርነቱ ካበቃ ሦስት ወር ያህል እንዳለፈ ሂኮክ በሚዙሪ ግዛት ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ ቁማር እየተጫወተ ይኖር ነበር። በዚያው ከተማ ዴቪስ ተት የሚባል ከደቡብ ጦር የመጣ ቁማርተኛ ነበረ። ሁለቱ ሰዎች ቀድሞ ይተዋወቃሉ። በቁማር ዕዳ ተጣሉና ተት የሂኮክን የኪስ ሰዓት በመያዣ ወሰደበት። ዕዳው ስንት ነው በሚለው ላይ የተለያዩት በጥቂት ዶላር ብቻ ነበር። ሂኮክም ሰዓቱን በአደባባይ አንጠልጥለህ እንዳትታይ ብሎ አስጠነቀቀው። ጁላይ 21 ቀን 1865 ወደ ማታ ላይ ተት ሰዓቱን አድርጎ ወደ አደባባዩ ወጣ። ሰባ ሜትር ያህል ተራርቀው ሁለቱም ተኮሱ። የሂኮክ ጥይት የተትን ደረት መታው፤ ወዲያው ሞተ።

ሂኮክ ተይዞ ለፍርድ ቀረበ። ከከተማው ሰዎች የተመረጡት ፈራጆችም ነገሩን ሰምተው በነጻ ለቀቁት። በዚያች ከተማ ክብሬን ነኩ ብሎ መግደል እንደ ወንጀል ሳይሆን እንደ ወንድነት ይቆጠር ነበር። በዚያው ዓመት ሂኮክ ለከተማው ማርሻልነት፣ ማለትም ለጸጥታ አስከባሪ ሹምነት፣ ተወዳደረ። ባይመረጥም ሁለተኛ ወጣ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በአደባባይ ሰው የገደለ ሰው አደባባዩን ልጠብቅላችሁ ሲል ብዙዎች ድምፃቸውን ሰጡት።

ከዚህ በኋላ ዝናው ከእርሱ ቀድሞ ይሄድ ጀመር። በፌብሩዋሪ 1867 «ሃርፐርስ» የተባለው ታላቅ ወርኃዊ መጽሔት ስለ እርሱ ረዥም ጽሑፍ አወጣ። ጸሐፊው የሂኮክን ጀብዱ እጅግ አጋንኖ በእጁ የሞቱትን ሰዎች በመቶ ቈጠራቸው። በምሥራቅ ከተሞች ያሉ አንባቢዎችም አመኑት። እውነተኛውን ቍጥር ግን ልንነግራችሁ እንወዳለን። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ሂኮክ እንደ ገደላቸው በደንብ የሚታወቁት ሰዎች ስድስት ናቸው። ከእነዚህም አንዱ፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ የገዛ ወዳጁ ነው።

ዝናው ሹመት አስገኘለት። በካንሳስ ግዛት የመንግሥት ምክትል ማርሻል ሆኖ የተሰረቁ ፈረሶችንና የከዱ ወታደሮችን ያሳድድ ነበር። ለጦር ሠራዊትም መንገድ መርቷል። በ1869 ሄይስ ሲቲ በምትባለው የባቡር መንገድ ከተማ ሸሪፍ ሆኖ ተመረጠ። ምርጫው በሕጉ ሥርዐት የተፈጸመ ስላልነበረ የግዛቱ ገዥ ሹመቱን አላጸደቀለትም። ሂኮክ ግን ሥራውን ቀጠለ። በኦገስትና በሴፕቴምበር ብቻ ሁለት ሰዎችን ገደለ። የኖቬምበር ምርጫ ሲደርስ የከተማው ሰዎች ሂኮክን ትተው ምክትሉን መረጡ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ከተማ በመጠጥ ቤት ውስጥ ከሁለት ወታደሮች ጋር ተጣልቶ አንዱን ገደለ፤ ሁለተኛውን አቆሰለ። ከዚያም ከተማውን ለቆ ሄደ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በዚያው በካንሳስ አቢሊን የምትባል ከተማ ነበረች። በ1867 ጆሴፍ ማኮይ የሚባል ነጋዴ በባቡሩ ሐዲድ አጠገብ ታላቅ የከብት ገበያ አቋቋመባት። በቴክሳስ ከብቱ ብዙ፣ ዋጋውም ርካሽ ነበር። በሰሜን ከተሞች ግን ሥጋ ተወድዶ ነበር። ስለዚህ ከብት ነጂዎች መንጋቸውን ለወራት እየነዱ አቢሊን ያደርሱና በባቡር ይጭኑታል። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 35 ሺህ ያህል ከብት ተጭኗል። ነጂዎቹ ደመወዛቸውን በአንድ ጊዜ ተቀብለው ወደ መጠጥ ቤትና ወደ ቁማር ቤት ይገባሉ። አብዛኞቹ ከደቡብ ወገን የመጡ ነበሩ፤ ለሰሜን ሰው ሹመት ራሳቸውን ዝቅ ማድረግ አይወዱም። ሁሉም ሽጉጥ ታጥቀዋል።

የከተማው ምክር ቤት በ1870 ቶማስ ስሚዝ የሚባል ሰው ማርሻል አድርጎ ቀጠረ። በከተማው ውስጥ መሣሪያ መያዝን የሚከለክል ደንብም ነበረ። ስሚዝ እምቢ ያለውን ሰው በቡጢ መትቶ ሽጉጡን ይቀማው ነበር እንጂ ለመተኮስ አይቸኩልም። ከብት ነጂዎቹ በመጀመሪያ ሳቁበት፤ ቈይተው ግን ሽጉጣቸውን በፈቃዳቸው ያስረክቡት ጀመር። በዚያው ዓመት በኖቬምበር 2 ቀን በነፍስ ግድያ የተከሰሰ አንድ ገበሬ ለመያዝ ከከተማው ውጪ በሄደ ጊዜ ተገደለ። ገዳዮቹን አሳድዶ የገደላቸው ሰው የለም። ተይዘው ለፍርድ ቀረቡ፤ ተፈርዶባቸውም እስር ቤት ገቡ።

ፊልም የሚሠሩ ሰዎች የስሚዝን ታሪክ ብዙ ጊዜ አይመርጡም። ሰው ሳይገድል ከተማ የጠበቀ ሹም ለተመልካች አይጥምም። እኛ ግን ስሙ ሳይነሣ እንዲያልፍ አልፈለግንም።

በስሚዝ ምትክ የተሾመው ሂኮክ ነው። በኤፕሪል 1871 ከንቲባው ማኮይ በወር 150 ዶላርና ከሚሰበሰበው መቀጫ አንድ አራተኛውን ሊከፍለው ቀጠረው። የተቀጠረው ለዝናው መሆኑ ግልጽ ነው። ሂኮክ እንደ ስሚዝ በየመንገዱ እየዞረ አይቆጣጠርም ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው በቁማር ቤት ነው። ሰዎች ይፈሩት ስለ ነበር ለጊዜው ጸጥታ ሆነ። ግን ፍርሃት የሰጠው ጸጥታ አንድ ሌሊት አፈረሰው።

ኦክቶበር 5 ቀን 1871 የከብቱ ወራት ሊያልቅ ሲል ከብት ነጂዎች ተሰብስበው ሲጠጡና ሲጨፍሩ ዋሉ። በመሸ ጊዜ የተኩስ ድምፅ ተሰማ። ሂኮክ ሮጦ ሲደርስ ፊል ኮ የሚባለውን የቴክሳስ ቁማርተኛ ሽጉጥ ይዞ አገኘው። ሁለቱ አስቀድሞ ቂም ነበራቸው። ኮ ውሻ ነው የተኮስሁት አለ። ወዲያው ሁለቱም ተኮሱ፤ ኮ ሆዱን ተመታ። በዚያች ቅጽበት ሽጉጥ የያዘ ሌላ ሰው በጨለማው ውስጥ እየሮጠ ወደ ሂኮክ መጣ። ሂኮክ ዞር ብሎ ተኮሰ፤ ሰውየውም ወደቀ። ያ ሰው ማይክ ዊልያምስ ነበር። ወዳጁ ነው፤ ጸጥታም ያስከብር የነበረ ነው፤ የመጣውም ሊረዳው ነበር።

ጓደኞቻችን፣ ይህን ነገር እናስብበት። የተኰሰው እጅ ያው በስፕሪንግፊልድ አደባባይ ከሰባ ሜትር ያልሳተው እጅ ነው። ዛሬም አልሳተም። ነገር ግን ሽጉጥ ወዳጅንና ጠላትን ለይቶ አይጠይቅም። የፍርድ ቤት ዳኛ ቢሳሳት ይግባኝ አለ፤ ምስክር እንደ ገና ይሰማል፤ መዝገብ ይገለጣል። ለማይክ ዊልያምስ ይግባኝ የሚሰማለት አልነበረም።

ሂኮክ ከዚያ ሌሊት በኋላ ሌላ ሰው መግደሉ አይታወቅም። ሁለት ወር እንዳለፈ፣ ዲሴምበር 13 ቀን 1871፣ የከተማው ምክር ቤት ከእንግዲህ አገልግሎቱ አያስፈልገንም ብሎ አሰናበተው። አቢሊን ሰላም ያገኘችው ግን በሹም ሽረት አይደለም። በፌብሩዋሪ 1872 በአካባቢው የሰፈሩ ገበሬዎችና የከተማው ሰዎች ተስማምተው አንድ ማስታወቂያ ጽፈው ፈረሙ። ጽሑፉም የቴክሳስ ከብት ነጂዎች በሚመጣው ወራት ሌላ ገበያ እንዲፈልጉ የሚጠይቅ ነበር። የከብቱ ንግድ ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደ። አቢሊን ከገበያው ታገኝ የነበረውን ብዙ ገንዘብ አጣች፤ በምትኩ የገበሬዎች ከተማ ሆነች። ሽጉጥ ያልጨረሰውን ነገር የጨረሰው የነዋሪዎቹ ፊርማ ነው።

የሂኮክ ቀሪ ዘመን አጭርና የሚያሳዝን ነው። በ1873 ወዳጁ ቡፋሎ ቢል በሚያሳየው ትያትር ውስጥ ገብቶ የራሱን ሕይወት በመድረክ ላይ ይጫወት ጀመር። ሥራውን አልወደደውም፤ ጥቂት ወራት ሠርቶ ተወው። ዓይኑም እየደከመ ሄደ ይባላል። በማርች 1876 አግነስ ሌክ የምትባለውን የሰርከስ ባለቤት አገባ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ወርቅ ፍለጋ ብሎ ትቷት ሄደ። የሄደበትም ቦታ ዴድውድ ይባላል።

ኦገስት 2 ቀን 1876 ሂኮክ በዴድውድ መጠጥ ቤት ውስጥ ካርታ ለመጫወት ተቀመጠ። ወትሮ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነበር የሚቀመጠው። ያን ቀን ግን ያ ቦታ በሌላ ሰው ተይዞ ነበርና በሩ በጀርባው ሆነ። ጃክ ማኮል የሚባል ሰው ከኋላው መጥቶ ራሱን በጥይት መታው። ሂኮክ ገና 39 ዓመቱ ነበር። ሰው በሰፈረው ቍና ይሰፈራል የሚሉት አባቶቻችን ይህን የመሰለውን ነገር አይተው ነው።

ታሪኩ ግን ከዚህ ላይ አያልቅም። በማግስቱ የወርቅ ቈፋሪዎቹ ተሰብስበው ራሳቸውን ፍርድ ቤት አደረጉ። ማኮል ወንድሜን ገድሎብኝ ነው አለ፤ እነርሱም በነጻ ለቀቁት። ማኮል ከዚያ ወጥቶ መግደሉን እየፎከረ ሲያወራ እንደ ገና ተያዘ። ያንክተን በተባለችው ከተማ በሕጋዊ ፍርድ ቤት ፊት ቆመና ተፈረደበት፤ ማርች 1 ቀን 1877 ተሰቀለ። አንድ ሰው በአንድ ወንጀል ሁለት ጊዜ አይከሰስም የሚለው ሕግ በአሜሪካ የጸና ነው። ታዲያ ማኮል እንዴት ሁለተኛ ተከሰሰ? መልሱ የመጀመሪያው ሸንጎ ሕጋዊ አልነበረም የሚል ነው። ዴድውድ የቆመችው የአሜሪካ መንግሥት በ1868 በፎርት ላራሚ በተፈራረመው ውል ለሲዩ ሕዝቦች በሰጠው መሬት ላይ ነበር። በዚያ ቦታ ከተማ መሥራት ራሱ የተከለከለ ነገር ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። የሂኮክን ገዳይ ሊቀጣ የቻለ ሕግ ያቺን ከተማ ሊከለክላት አልቻለም። በ1874 በዚያ ተራራ ወርቅ ተገኘ ከተባለ በኋላ ውሉ ተረሳ፤ በ1877 መሬቱ ከባለቤቶቹ ተወሰደ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1980፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሬቱ ተገቢ ካሣ ሳይከፈልበት የተወሰደ መሆኑን አይቶ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈል ወሰነ። የሲዩ ሕዝቦች ግን የምንሻው መሬታችንን ነው እንጂ ገንዘቡን አይደለም ብለው ሳይቀበሉት ቀሩ። በአገራችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቈጨኛለች» ይባላል። ያለ ፍርድ የተወሰደ ነገር ዘመን እንደማያስረሳው የእነርሱ ነገር ምስክር ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ሕግን ወደዚያ አገር ያስገባው ሽጉጡ ነውን? በሂኮክ እጅ የሞቱትን ስድስት ሰዎች አንድ በአንድ ብንመለከት አንዱ የሞተው በኪስ ሰዓት ምክንያት ነው፤ ሁለቱ በሄይስ ሲቲ በከተማ ሁከት ነው፤ አራተኛው በመጠጥ ቤት ጠብ ነው፤ አምስተኛው ቂመኛው ነው፤ ስድስተኛው ወዳጁ ነው። በእነዚህ ሞቶች መካከል ለአንዲት ከተማ ዘላቂ ሰላም የገዛ አላገኘንም። ሽጉጡ ሁከትን ለአንድ ሌሊት ሊያቆም ይችል ይሆናል። ከተማን ከተማ ያደረጓት ግን ደንብ የጻፈው ምክር ቤት፣ ምስክር የሰማው ፍርድ ቤት፣ ማስታወቂያውን የፈረሙት ገበሬዎች ናቸው።

በአገራችን «በሕግ አምላክ!» የሚባል ቃል አለ። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይሉ ነበር አባቶቻችን። ይህን ቃል የሚናገረው ሰው መሣሪያ ላይኖረው ይችላል። ሽማግሌ ወይም ደካማ ሴት ወይም ሕፃን ሊሆን ይችላል። የተነሣው ዱላ የሚወርደው ተናጋሪውን በመፍራት ሳይሆን ከሁለቱም በላይ ያለውን ሕግ በማክበር ነው። ሂኮክ በቆመባቸው አደባባዮች ይህን የመሰለ ቃል አልነበረም። ስለዚህ ጠንካራው ሰው እስካለ ድረስ ጸጥታ ነበረ፤ እርሱ ዞር ሲል ወይም ዓይኑ ሲደክም ግን የሚተካው ነገር አልነበረም።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ እንለምናለን። የእርስ በርስ ጦርነት ያየ አገር ሁሉ ይህ ፈተና ይገጥመዋል። ጦርነቱ ሲያበቃ ወጣቱ በእጁ የሚይዘው ምንድን ነው? ብዕርና ሞፈር ካላገኘ ሽጉጡን አይጥልም። ጀግና የሚባለውስ ማን ነው? ብዙ የገደለው ከሆነ ልጆቹም መግደልን ይማራሉ። ሂኮክን ያሳደገው የገዛ ፈቃዱ ብቻ አይደለም። በነጻ የለቀቁት ፈራጆች፣ ድምፅ የሰጡት ነዋሪዎች፣ ዝናውን ያጋነነው ጸሐፊና ያጨበጨበው አንባቢ ሁሉ ድርሻ አላቸው።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ይህ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ የቆመው በጉልበተኛ አይደለም። ደወል ሲደወል ሁላችንም ወደ ክፍል የምንገባው ደንቡ የሁላችንም ስለ ሆነ ነው። በዱላ የሚያስፈራ የክፍል አለቃ ቢኖር እርሱ በቀረበት ቀን ክፍሉ ይታወካል። ከመካከላችን ነገ ፖሊስ፣ ዳኛ፣ አስተማሪ ወይም ሹም የሚሆኑ አሉ። እነርሱ ቶማስ ስሚዝን ቢያስቡ እንወዳለን። በውድቀቱ ቀን እንኳ ከኋላው የተረፈው ፍርድ ቤት እንጂ በቀል አልነበረም።

ወላጆቻችንንና መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። የጀግና ታሪክ ስትነግሩን ሰው ያዳነውን፣ ድንበር ያስማማውን፣ በእውነት የመሰከረውን ሰው ታሪክ ደግሞ ንገሩን። ፊልሙ ሲያልቅ ማን እንደ ሞተና ስለ ምን እንደ ሞተ የምንጠይቅ ልጆች እንድንሆን እርዱን።